አክስቴና የጣልያን ኦፔራ ሟቾች

የጣልያን ኦፔራ የምትወድ የፍኖተ ሰላም መምህርት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አፌን ሞልቼ «ብቻ» አልልም፤ አንድ ሌላ ምስኪን በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ የሚያዳምጥ ይኖር ይሆናል፤ እስካሁን ግን አልተገናኘንም። በሽታው የያዘኝ ባሕር ዳር ስማር ነው። ልንመረቅ ሰሞን የዶርም ጓደኛዬን «ፊልም ገልብጭልኝ» ብያት ሃርድ ዲስኳ ላይ ያለውን ሁሉ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው አንድ ደረተ ሰፊ ሰውዬ፣ መሬት ላይ የተዘረጋች ሴት እጅ ይዞ በጣልያንኛ ይጮኻል። ፊልሙ የታለ ብዬ ወደፊት ባሳልፈው ባሳልፈው ጩኸቱ አያልቅም። የመጀመሪያው ቀን ሣቅሁ። በሳምንቱ ተደብቄ አለቀስሁ። ከዚያ ወዲያ ተለክፌ ቀረሁ።

ትምህርት ቤት ውስጥ ነገሬ ከታወቀ ቆይቷል። መምህራን ክፍል ስገባ ባልደረቦቼ «ጣልያኗ መጣች» ይላሉ። አከራዬ ደግሞ መጀመሪያ ሰሞን በሬን እያንኳኩ «ልጄ፣ ደኅና ነሽ? የታመመ ሰው አለ?» ይሉኝ ነበር። አሁን ለምደውታል፤ እንዲያውም የሚያንኳኩት ቤቱ ዝም ያለ ዕለት ነው። ይኼን ፍቅሬን በቁም ነገር የወሰደልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም አክስቴ ናቸው። በቁም ነገር ስል ግን ያደነቁልኝ እንዳይመስላችሁ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው። የሚኖሩት ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ፈጣም ወንዝ ማዶ ባለ የገጠር መንደር ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። እናቴ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ጤፍና በቆሎ ያሳርሳሉ፤ አገር የሚያውቃቸው ግን በእርሻቸው ሳይሆን በሙሾ ነው። በዚያ አካባቢ ሰው ሲሞት ለቅሶው መሀል ቆሞ የሟቹን ታሪክ በግጥም የሚያወርድ፣ ሌላው እየተቀበለ እንዲያለቅስ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አክስቴ ናቸው። ዋጋ አይቀበሉም፤ ግን ያለ እሳቸው የተቀበረ ሰው ደኅና ሆኖ እንደተለቀሰለት አይቆጠርም። አንድ ጊዜማ ከደጋው፣ ከገበዝ ማርያም ድረስ በቅሎ ተልኮላቸው ሄደዋል።

የራሳቸው አሠራር አላቸው። ማውረድ ከመጀመራቸው በፊት ከሟች ቤተሰብ አንዱን ወደ ጓሮ ወስደው ይጠይቃሉ፦ ምን ይወድ ነበር? ማንን አበላ? ከማን ተጣልቶ ከማን ታረቀ? መልሱን በግጥም አድርገው ይዘው ይመጣሉ። ሟቹ በእሳቸው አፍ ከነበረው ትንሽ አምሮ ይቀበራል ብሎ የሚያማቸው አለ። እሳቸውም «ታዲያ በሞተ ቀን እንኳ ካላማረ መቼ ሊያምር ነው?» ይላሉ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ትንፋሽ አጠራቸው። ጎረቤቶቻቸው ደውለውልኝ ሄጄ አመጣኋቸውና ሆስፒታል ወሰድኋቸው። ሐኪሙ ትሑት ወጣት ነበር። ደረታቸውን አዳምጦ፣ አስቀምጦ፣ አስተኝቶ ሲያበቃ ልባቸው እንደደከመ ነገረን። መድኃኒት አዘዘ፣ ጨው ይቀንሱ አለ፤ ቀጥሎ የመጣው ነው ከባዱ።

«እማማ፣ ድምፅዎን ከፍ አያድርጉ።»

«ጩሄ አላውቅም፤ የተረጋጋሁ ሰው ነኝ» አሉ አክስቴ።

«መጮህ ብቻ አይደለም። ማልቀስም፣ መዝፈንም አይሆንም።»

«ዘፈኑን ለዘፋኝ ንገረው። ለቅሶውን ነው የከለከልኸኝ?»

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ። «አዎ፣ ለቅሶውን ነው» አለ።

ባጃጅ ይዘን ወደ ቤት ተመለስን። ባጃጁ ውስጥ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። ቄስ አትቀድስ እንደማለት ነው። ከልቤ አዘንሁላቸው።

እህሉ እስኪሰበሰብ እኔ ጋ እንዲቆዩ ተስማማን። እኔ ሳስተምር እሳቸው ያርፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ላፕቶፔን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ኦፔራዬን እከፍታለሁ። እንዲያዩ አልጋበዝኋቸውም፤ ይሰለቻሉ ብዬ ነበር። ጥቂት ቀን ከአልጋቸው ላይ ሆነው በጎን ሲያዩ ሰነበቱና አንድ ቀን ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ይች ምን ሁና ነው የምትጮኽ?»

ከሥር የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያየሁ እተረጉምላቸው ጀመር። «ሳምባዋን ታማለች። ልትሞት ነው።»

አክስቴ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ሴትዮዋ አልጋ ላይ ተጋድማ ጣራው እስኪርገበገብ ታዜማለች።

«ሳምባዋን?»

«አዎ።»

«እኔ ከአልጋ እስከ በር ስደርስ ትንፋሽ ያልቅብኛል። ይች ይኸን ሁሉ ከየት አመጣችው? ሐኪሟ ማን ነው?»

በማግስቱ ያየነው ላይ አንዱ በጩቤ ተወጋ። ተወግቶም ወዲያው አልወደቀ፤ ረጅም ዜማ ጀመረ። አክስቴ እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቁት። «የተወጋ ሰው አይቻለሁ» አሉ፤ «እኽ ብሎ ነው የሚወድቅ። ይኸስ ስብከት ጀመረ።»

አሁን ሳስበው ያስቀኛል እንጂ ያን ጊዜ ተቀይሜ ነበር። ሰው የሚወደው ነገር ሲነካበት ይቆጣል። «አክስቴ፣ ኦፔራ እኮ ነው፤ እንደ እውነት አይታይም» አልኋቸው ኮራ ብዬ።

«እንደ እውነት የማይታይ ከሆነ አንች ለምን ታለቅሻለሽ?»

ስክሪኑን ጠራረግሁ።

ከሁሉ ይልቅ የከነከናቸው ግን ትንፋሹም ጩቤውም አልነበረም። የጣልያን ሟች ለራሱ ማልቀሱ ነው። በእኛ አገር ሟች ዝም ይላል፤ ሌላው ነው የሚናገርለት። እዚህ ግን ሴትዮዋ ራሷ ስለ ራሷ እያዜመች፣ ራሷን እየተሰናበተች፣ ራሷ ትሞታለች። «ዘመድ የላትም ወይ?» ይሉኛል ደጋግመው። «እናት የላትም? ጎረቤትም የላት? ሰው እያለ ለራስ ማልቀስ ነውር ነው።» ዘመድ እንዳላት፣ እንዲያውም ወዳጇ አጠገቧ እንደቆመ አሳየኋቸው። እጁን አጣምሮ ሲጠብቅ አይተው በጣም ናቁት።

ግጥሙን ያወጣላት ማን እንደሆነም ማወቅ ፈለጉ። ግጥሙን አንድ ሰው እንደሚጽፍ፣ ዜማውን ሌላ ሰው እንደሚደርስ ነገርኋቸው።

«ሁለት ሰው ለአንድ ለቅሶ? ሰነፎች ናቸው» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «የዜማው ደራሲ ያውቃታል?»

«ማንን?»

«ሟቿን ነዋ!»

«ሟቿ እኮ የለችም። ፈጥረዋት ነው።»

ይኼን ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው። ሳይጠይቁ፣ ጓሮ ሳይወስዱ፣ ምን ትወድ እንደነበር ሳይሰሙ ሰው ማስለቀስ የሚቻል አልመሰላቸውም ነበር።

እኔም መምህርት ነኝና የተከፈተልኝን በር አላሳለፍሁም። ጠመኔ ብቻ ነው የቀረኝ። የጣልያን የዜማ ደራሲዎች ድሮ ስለ ነገሥታትና ስለ ጥንት አማልክት ይደርሱ እንደነበር፣ ባለፈው ምዕተ ዓመት መባቻ ገደማ ግን አንድ ትውልድ ተነሥቶ ዓይኑን ወደ ተራ ሰው እንዳዞረ፣ ጋሪ ነጂና ልብስ ሰፊ፣ በቅናት የሚጣላ የመንደር ገበሬ መድረክ ላይ እንደወጣ አስረዳኋቸው። ይኼን ወደዱት። «ገበሬም ይለቀስለታል በያ!» አሉ። ሕዝቡ በመጀመሪያው ዕለት ካልጣመው እንደሚያፏጭ፣ ደራሲውም አፍሮ ቤቱ ገብቶ እንደሚያስተካክል ስነግራቸው ግን ደነገጡ።

«ለቅሶ ላይ ያፏጫሉ? ምን ያለ ሕዝብ ነው!»

እስቲ ይሣቁ ብዬ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡትን ደራሲዎችም ከፈትሁላቸው። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ከእነዚህ አንዱንም እስከ መጨረሻው አዳምጬ አላውቅም፤ ለክብር ያህል ነው የያዝኋቸው። ሽቦ የሚፋቅ የሚመስል ድምፅ ይመጣል፣ ሰው ያንሾካሽካል፣ ድንገት ብረት ይወድቃል። አክስቴ አልሣቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«እሱስ እውነቱን ነው» አሉ። «ሬሳ ያለበት ቤት መጀመሪያ ሲገቡ እንዲህ ነው የሚሰማ። ሁሉም የየራሱን ነው የሚጮኽ።»

ደስ አለኝ። በጣልያን ዘመናዊ ሙዚቃ ላይ ይኼን የመሰለ ነገር ማን ይናገራል ብዬ ልኮራባቸው ስል፣ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው «መቼ ነው የሚጀምር?» አሉ።

«ጀምሯል እኮ፣ አክስቴ። ሊያልቅም ነው።»

«ታዲያ አውራጁ ሳይመጣ ሰው ሊበተን ነው?»

ዛሬም በሕይወት ያሉ የጣልያን ደራሲዎች አዲስ ኦፔራ እንደሚጽፉ ነገርኋቸው። ግን ቲያትር ቤቶቹ ደጋግመው የሚያሳዩት አብዛኛውን የሞቱትን ሥራ ነው፤ የሕያዎቹ ጥቂት ጊዜ ታይቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አክስቴ ይኼን ሲሰሙ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «እዚያም ለካ ሰው የሚከበረው ሲሞት ነው» አሉ። አነጋገራቸው አልጣመኝም።

ከዚያ ያቺ ቀን መጣች። የዚያችን የሳምባ በሽተኛ ኦፔራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ቦታ ሳያቋርጡኝ አዩት። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ስትሞት ዘወር ብዬ ባይ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ጭሱ ነው» አሉ።

ምድጃዬ የኤሌክትሪክ ነው።

መጋረጃው ወረደ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። «ሞተች እኮ! ምን ያስጨበጭባቸዋል?» ብለው ሊቆጡ ሲሉ መጋረጃው ተመልሶ ተከፈተ። ሟቿ ተነሥታ፣ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ወደ ሕዝቡ መጥታ እጅ ነሣች። አበባ ተወረወረላት። አክስቴ በዚያ ደካማ ልባቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ተነሣች!»

«ቲያትር ነዋ፣ አክስቴ።»

«ሁሉን ሰማችው? ሲያለቅሱላትም ሰማች?»

«ሰማች።»

«ኧረግ!» አሉ፣ ቀስ ብለው ተመልሰው እየተቀመጡ። «እስቲ መልሽው።»

መለስሁላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜማውን ትተው፣ ሟቾቹ ተነሥተው እጅ የሚነሡበትን ብቻ ያስከፍቱኝ ጀመር። የተወጋውም፣ መርዝ የጠጣችውም፣ ከግንብ የተወረወረችውም ተሰልፈው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመጡ ያያሉ። ከሁሉም ፊት ላይ የሆነ ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። እኔ ግን እየሣቅሁ ለባልደረቦቼ አወራሁ፤ ምን እንደሚያስቡ አልገባኝም።

የገባኝ አንድ ማለዳ ቁርስ ላይ ነው። ዳቦውን ቆርሰው ሳይበሉ ያዙት።

«ለአገር ሰው ሁሉ አወረድሁ» አሉ። «ለእኔ ማን ነው የሚያወርድ?»

ሻያቸውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግሁ።

«እኔ አለሁ ተብሎ ማንም አልተማረ። ወጣቶቹ ከተማ ገቡ፤ የቀሩትም ማልቀስ እንጂ ማውረድ አይችሉ። ስሞት ሴቶቹ ዙሪያየን ቆመው አንዷ አንዷን ታያለች። እንደ በግ ዝም ተብየ ልቀበር ነው።» ድምፃቸው የልመና አልነበረም፤ ግን እንዲህ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም።

«እኔ አለሁ እኮ» አልሁ።

«አንች? በጣልያንኛ ልታወርጂ ነው?»

ሁለታችንም ሣቅን። ቀልዱ ግን እውነትነት ስለነበረው አመመኝ።

ዕቅዳቸውን የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። በአገራችን ልጅ የሌለው ሰው፣ ከሞትሁ በኋላ የሚደግስልኝ የለም ብሎ፣ በሕይወት ሳለ ተዝካሩን ያወጣል፤ ካህናት ይጠራል፣ ይጸለይለታል፣ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል። የቁም ተዝካር ይሉታል። አክስቴ እህሉ ሲገባ ይኼን ለማድረግ አስቀድመው ቆርጠው ነበር። አሁን አንድ ነገር ጨመሩበት።

«ተዝካሬን በቁሜ ካወጣሁ፣ ለቅሶየንስ በቁሜ ብሰማው ምን አለበት? ያች ሰምታ የለም?»

«ሐኪሙስ ያለው?»

«እሱ ማልቀስ እንጂ ማስለቀስ አልከለከለ። እኔ ተቀምጨ እሰማለሁ።»

ጥር ላይ ይዣቸው ወረድሁ። በማንኩሳ በኩል በሚኒባስ ቡሬ ደርሰን፣ ከዚያ በጋሪ መንደር ገባን። ወሬው ግን ቀድሞን ገብቶ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት የጣልያን ሴት ሞታ፣ ተለቅሶላት፣ ተነሥታ ሕዝቡን እንዳመሰገነች፣ አክስቴም በዓይናቸው እንዳዩ ተወርቷል። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ «መቃብሩን ፈንቅላ ነው ወይስ ገና ሳትቀበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሳትቀበር» አልኋት፤ ሌላ ማብራሪያ ብጨምር የሚብስ መሰለኝ።

የአክስቴ የነፍስ አባት በሰዎች አፍ ሰምተው ኖሮ በማግስቱ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት።

«የቁም ፍትሐት አውቃለሁ። የቁም ተዝካርም አውቃለሁ። የቁም ለቅሶ ከየት የመጣ ነው?»

«ከጣልያን ነው፣ አባቴ» አሉ አክስቴ።

ቄሱ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ጣልያን ከዚህ አገር ከወጣ ስንት ዘመኑ። ማን መልሶ አስገባው?»

መሬት መሬት አየሁ። መምህርነቴ ያን ጊዜ ምንም አልጠቀመኝ።

አክስቴ ግን ነገሩን እንደ ቀልድ አልተዉትም። ዝም ብለው መቀበር እንደሚፈሩ፣ ለእኔ እንደነገሩኝ ለቄሱም ነገሯቸው። ቄሱ ጭራቸውን እያወዛወዙ አዳመጧቸው። ኋላ ለመሄድ ሲነሡ፣ «እኛ ጸሎታችንን አድርሰን፣ ከማዕዱ ቀምሰን እንሄዳለን» አሉ። «ከዚያ በኋላ ሴቶች ዳስ ውስጥ የሚጫወቱትን የእኔ ጆሮ አይደርስበትም።» አክስቴ መስቀል ተሳለሙ። ፈቃድ ማለት እንደሆነ ለእኔም ገባኝ።

የባሰባቸው ጎረቤቶቹ ነበሩ። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ብለው እምቢ አሉ። አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው፣ ከአክስቴ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ሲጣሉ ሲታረቁ የኖሩት፣ ከሁሉ ይበልጥ ጮኹ። «አልቅሰን አልቅሰን በማግስቱ ቢሞቱ በማን ሊላከክ ነው? እኔ እንደሆን አፌን አልከፍትም!» አክስቴም «እሽ፣ አትክፈቱ። ስሞትም ዘግታችሁ ቅበሩኝ» ብለው ተኮሳተሩ።

የድግሱ ዕለት ዳሱ ሞላ። ካህናቱ ጸለዩ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ መርቀው ሄዱ። ወንዶቹም ጠላቸውን ይዘው ወደ ዛፉ ጥላ ወጡ። ሴቶቹ ቀሩ። አክስቴ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ዳሱ መሀል በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውንም ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጠበቁ።

ማንም አልጀመረም። አንዷ አንዷን አየች። አንዷ ሳል ሳለች፣ ሌላዋ የልጇን አፍንጫ ጠረገች። አክስቴ ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ ፊት ዓይናቸውን አዞሩ፤ ፊታቸው እየጠቆረ ሲሄድ አየሁ። ያን የፈሩትን ዝምታ ቁጭ ብለው እያዩት ነበር። ያን ጊዜ ኦፔራውንም፣ ላፕቶፑንም፣ እኔንም እግዜር ይይልን አልሁ በልቤ።

በመጨረሻ ራሳቸው ጀመሩ። ድምፃቸው ከድሮው ግማሽም አይሆን።

«ምን ብየ ላውርዳት ይችን ያገር አልቃሽ…»

ቀጣዩ አልመጣም። አንድ ጊዜ ደገሙት፤ ትንፋሹም ከዳቸው፣ ቃሉም ከዳቸው። ለሌላው ሰው ጓሮ ወስደው የሚጠይቁት ነበራቸው። ስለ ራሳቸው የሚጠይቁት አላገኙም። ይብቃ ልል ብድግ አልሁ።

ያን ጊዜ ጎረቤቲቱ፣ አፌን አልከፍትም ያሉት፣ ከወደ ጥግ በጎርናና ድምፅ አወረዱ፦

«ለሁሉ አልቅሳ ለሁሉ አንብታ፣
ለራሷ ሲደርስ ቆመች አፏን ዘግታ።»

ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ «ወየው!» አለ። ልጇን የቀበረች አንዲት እናት ቀጠለች፤ እሷ ግን ግጥም አልሆነላትም፦

«ፈጣም ሞልቶ ሳለ በክረምት በሐምሌ፣
ተሻግራ መጣችልኝ ለልጄ ለቅሶ።»

አክስቴ እንባቸው እየወረደ እጃቸውን አነሡ። «ቤት አልመታም!» አሉ። «ተሻግራ አለቀሰች ለልጄ ለአካሌ፣ በይው።»

ሴትዮዋ እሽ ብላ እንደተባለችው ደገመችው፤ ሌላውም ተቀብሎ አለቀሰ። ከዚያ ማን ያስቁማቸው። አንዷ ስለ ቸርነታቸው፣ አንዷ ስለ ምላሳቸው፣ አንዷም ስላስታረቋት ባሏ አወረደች። አክስቴ እያንዳንዱን ሲሰሙ ፊታቸው እንደ ልጃገረድ ይፈካል፤ የረዘመውን ያሳጥራሉ፣ ያጠረውን ይሞላሉ፣ የዘገየችውን ያጣድፋሉ። ጎረቤቲቱ ደግሞ አልጠገቡም ነበር፦

«ጠላዋ ቀጭን ነው ውኃ የበዛበት፣
ቃሏ ግን ወፍራም ነው ሰው የሚጠግብበት።»

«ጠላየን ምን አገባው!» ብለው አክስቴ ተነሡባቸው። ዳሱ በለቅሶ መሀል በሣቅ ተናጋ። እኔም እየሣቅሁ አለቅሳለሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ሣቁ ሲበርድ አክስቴ ዘወር ብለው አዩኝ።

«አንችስ? አንድም አይወጣሽም?»

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ለማላውቃቸው የጣልያን ሟቾች የተደረሰውን ስንት ዜማ በቃሌ አውቃለሁ፤ ለአክስቴ የሚሆን አንድ ስንኝ ፈልጌ አጣሁ። ሴቶቹ ጠበቁኝ፣ አክስቴም ጠበቁኝ።

«አክስቴ፣ እኔ ሙሾ አልችልም» አልሁ። «አይሂዱብኝ። አንቱ ከሄዱ እኔ የማንም ልጅ አልሆንም።»

ማንም አልተቀበለም። ቤት አልመታም፣ ዜማም አልነበረው፤ እርማታቸውን ጠበቅሁ። እሳቸው ግን አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«ይችን እንዳትነኩብኝ» አሉ። «ስሞት ሌላውን እንደ ወደዳችሁ አድርጉት። ይችን ግን እንዳለች በሉልኝ።»

«ማን ያውርዳት?» አሉ ጎረቤቲቱ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

አክስቴ ክንዴን ይዘው ስበው አጠገባቸው መሬት ላይ አስቀመጡኝ፤ እጃቸውንም ራሴ ላይ አደረጉ።

«ባለቤቷ አለች» አሉ። «ይቻት፣ ልጀ ናት።»